የሞተ ሻይ ያፈላል

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው እንደሚሞተው የትም አይሞትም። ጠዋት አንዱ ገደል ይገባል፣ ረፋዱ ላይ ሌላው ሐይቅ ውስጥ ይሰጥማል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ አንዱ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተጠላልፎ ይቀራል። ከዚያ ሁሉም ቀበቶውን ፈትቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ እያፈረ በሩን ከፍቶ ይወጣል። የወታደር ሄሊኮፕተር አብራሪዎች የሚለማመዱበት ሲሙሌተር ነው፤ በስድስት የሃይድሮሊክ እግሮች ላይ የቆመ፣ መስኮት የሌለው ነጭ ሳጥን። ከውጭ ሲያዩት ዕቃ የሚጫንበት ኮንቴይነር ይመስላል። ውስጡ ገብቶ ለተቀመጠ ሰው ግን ሰማዩም ሰማይ ነው፣ ተራራውም ተራራ ነው፣ ማንገጫገጩም አንጀት ያወጣል።

ቤቱ አንድ ሕግ አለው። የትም አልተጻፈም፤ ግን ጄኔራል ቢመጣም አይዘለውም። ሳጥኑ ውስጥ የሞተ ሰው ወጥቶ ለክፍሉ ሁሉ ሻይ ያፈላል። ማንቆርቆሪያው ጥግ ላይ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው። "ዛሬ ማን ሞተ?" ማለት እዚያ ቤት "ሻይ ደርሷል ወይ?" ማለት ነው። አዲስ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ክው ይላል፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን እሱም ሞቶ "ስኳር ስንት ላድርግ?" እያለ ሲዞር ታዩታላችሁ።

ይህን ሁሉ ሰው የምትጨርሰው አንዲት ሴት ናት። አብራሪዎቹ "እትዬ ጉም" ይሏታል፣ እሷም አቤት ትላለች። ከመስታወቱ ወዲህ፣ ከስክሪኖቿ ፊት፣ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል፣ ማዳመጫዋን አናቷ ላይ ሰካ አድርጋ ትቀመጥና ሳጥኑ ውስጥ ላለው ምስኪን ዓለም ትሠራለታለች። ነፋስ ታነሣለች፣ ዝናብ ታወርዳለች፣ ደህና የሚሠራውን ሞተር ድንገት ድርግም ታደርገዋለች። ከሁሉ የምትወደው ግን ጉም ነው። ጉሙን የምትለቀው ቀስ ብላ ነው፤ ሰውየው ልብ ሳይል ተራራው ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ። ታዲያ ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። የገደለችውን ሁሉ "አይዞህ የኔ ጌታ፣ እዚህ ሞተህ እዚያ ትኖራለህ" እያለች ጀርባውን ቸብ ቸብ የምታደርገውም እሷው ናት።

ድምፁም የሷ ነው። የማማው ተቆጣጣሪ፣ የጦሩ አዛዥ፣ መሬት ላይ የወደቀው ቁስለኛ፣ ሁሉም ከአንድ ጉሮሮ ነው የሚወጣው። ወደዚህ ሥራ ከመምጣቷ በፊት ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ ስትሰማ ስለኖረች የማንንም ድምፅ ትቀዳለች። ድምፅዋን ወፈር አድርጋ "ወገቤን! ኧረ ወገቤን!" ስትል፣ ሃይድሮሊኩን የሚጠግነው ቴክኒሻን፣ ዘይቴ የሚሉት፣ ዛሬም ድረስ እውነት መስሎት ዞር ብሎ ሳያያት አይቀርም።

ሰሞኑን ግን እትዬ ጉም ጋ ጨዋታ የለም። ምክንያቱ ታናሽ ወንድሟ ነው።

ማሙሽ ትለዋለች። ማሙሽ የምትለው ሰው በር ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ የሚያደርግ፣ ጺሙ የጠና መቶ አለቃ ነው። ለሷ ማዕረጉ ምኗም አይደለም፤ ማሙሽ ነው። እሱም ከሷ ሌላ ማንም ቢለው ፊቱ ይለዋወጣል፣ እሷ ስትለው ግን እንደ ሕፃን "እህ?" ይላል። ቁስለኛ የሚያወጣ ሄሊኮፕተር ሊያበር ተመርጧል። እነዚህ እንግዲህ ሌላው ሰው ሮጦ ከሚወጣበት ቦታ ሮጠው የሚገቡ ናቸው፤ ፈተናቸውም እንደዚያው የጠና ነው። ማሙሽ አንዴ ተፈትኖ ወድቋል። አወዳደቁም አንጀት ይበላል። ጉም በሞላው ገደል ውስጥ ቁስለኛው "አትተወኝ" ሲለው መተው አቃተው፤ ገደሉ ከዓይኑ ጠፍቶም እዚያው ሲያንዣብብ የአናቱ ሽክርክሪት ቋጥኝ መታና አበቃ። ያን ቀን የፈተነው እንደሷ አየር የሚሠራው ሌላው ኦፕሬተር ነበር፤ ዘመድ ዘመዱን አይፈትንምና። ማሙሽ ሻዩን ሲያፈላ እንባው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር ይላል ዘይቴ፤ ዘይቴ ደግሞ ማጋነን ይወዳል። ሁለተኛው ፈተና የመጨረሻው ነው። ከወደቀ መብረር ቀረ፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ቡትስ ሲያስረክብና ሲረከብ ይኖራል።

እናታቸው ግን ያንኑ ቡትስ ነው የምትመኝለት።

የፈተናው ቀን ጠዋት እትዬ ጉምና እናቷ ቁርስ ላይ ሳሉ ስልክ ጮኸ። የማዕከሉ ኃላፊ ሻለቃው ነበሩ። ሌላው ኦፕሬተር ጥርሱ አብጦ አፉን መክፈት አቅቶታል፤ አፉን መክፈት ያቃተው ሰው ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፈተናው ደግሞ ቀኑ አይዛወርም። "ነይና ተቀመጪ፤ እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ" አሏት። ስልኩን ስትዘጋ እናቷ ዳቦውን ከአፏ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀምጣ ነበር።

"አንቺ ነሽ የምትፈትኚው?"

"ምን ላድርግ እማዬ፣ ሰው ጠፋ።"

"እሰይ! እግዜር ሰማኝ።" እናትየዋ ወንበሯን ስባ ጉልበቷ የልጇን ጉልበት እስኪነካ ተጠጋቻት። "ጣይልኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ጣይልኝ። ልጄን ጣይልኝ። በሞቴ!"

"እማዬ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። በዚያ በውሸት ሰማይሽ ውስጥ ይሙትልኝና በእውነተኛው ይኑርልኝ። ቡትስ ሲያስረክብ የሞተ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

"እሱ እኮ ሌላ ሥራ አይፈልግም። ይወደዋል።"

"ይውደዋ! እኔስ? እኔ እሱን አልወደውም?" ድምፅዋ ተሰበረ። "አንቺም ትወጂዋለሽ። አልወደውም በይኛ።"

እትዬ ጉም ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በአውቶቡሱ መስኮት መንገዱን እያየች እናቷን ልትቆጣ ሞከረች፤ ቁጣው አልመጣ አላት። ለካ እናቷ አፏን ሞልታ የተናገረችው፣ እሷ ስንት ቀን በሆዷ ይዛው የከረመችውን ነው። እሷም እኮ ፈርታለች። ስንቱን በጉም ስትገድል የኖረች ሴት፣ እውነተኛ ጉም ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች።

ደግሞ ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ሆስፒታል ልብስ ስታጥብ ታመሻለች፤ እሷ ደግሞ ስልክ ቤት የማታ ፈረቃ ነበረች። ሰዓቷ ደርሶ ልትወጣ ስትል ማሙሽ ቀሚሷን ጨምድዶ ይይዝና ሰፈሩን በጩኸት ያቀልጠዋል። ጎረቤቷ ይዛ እስክትወስደው ድረስ እሷ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቀች፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለው ነበር፤ "እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ። እንዳትተኛ።" እናታቸው በዚህ በዚህ ትበግናለች። "ሰው ልጁን ተኛ ይላል እንጂ፣ ምን የምትሉት ጉድ ነው!" ማሙሽ ግን ዓይኑን እንዳፈጠጠ ይጠብቃል። በሩ ሲጢጥ ሲል "ነቅተሃል?" ትለዋለች፤ "ነቅቻለሁ" ይልና፣ ቃሉን ሳይጨርስ ጭኗ ላይ ክልትው ይላል።

አዳራሹ ስትደርስ ሻለቃው ቀድመው ተቀምጠዋል። የድሮ አብራሪ ናቸው፤ ጉልበታቸው ተበላሽቶ ከሰማይ የወረዱ፣ ሻያቸውን ሽሮፕ እስኪመስል በስኳር የሚሞሉ ሰው። የቤቱ ደንብ እንዲህ ነው፤ ተልዕኮውን የሚያወጣው ፈታኙ ነው፣ አየሩ ግን የኦፕሬተሯ ነው። ምን ዓይነት ነፋስ፣ ምን ያህል ጉም፣ መቼ እንደሚለቀቅ ማንም አያዛትም፤ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ማንም ሸምድዶ አይመጣም ብለው ነው።

"ወንድምሽ መሆኑን አውቃለሁ" አሏት። "ለሌላው ሰው የምታደርጊውን አድርጊለት። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።"

"እንዳላግዘው ፈሩ?"

"እንዴታ! እህት አይደለሽ?"

የሌላውን ነገር ሻለቃው አላሰቡትም። ማንስ ያስበዋል።

ማሙሽ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ በሩ ተዘጋ። እትዬ ጉም ማዳመጫዋን ሰክታ፣ በማማው ሴት ደረቅ ድምፅ "ርግብ ሁለት፣ ይሰማል?" አለች፤ የማሙሽ የበረራ መጠሪያ ነው። ማሙሽ ግን ድምፁን ቢቀይሩበትም ባለቤቱን አይስትም።

"በደንብ ይሰማል" አለ ማሙሽ። ፈገግ ማለቱ ከአነጋገሩ ያስታውቃል።

ተልዕኮው አንድ ቁስለኛ ወታደር ከጠባብ ገደል ውስጥ ማውጣት ነው። ማሙሽ ተነሣ፣ ተራራውን ዞረ፣ ሸለቆውን ይዞ ገባ። አበራረሩ ያምራል። ሻለቃው እንኳ "ጎሽ" ሲሉ ተሰሙ። ከገደሉ አፍ ደርሶ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ እሷ ጉሟን ለቀቀች። ለሌላው ሰው የምትለቀውን ያህል፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። በስክሪኑ ላይ የግራው ግድግዳ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ የቀኙ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ አብራሪው ግድግዳዎቹን ማየት ካልቻለ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ወጥቶ ይጠብቃል፣ ሲገለጥ ተመልሶ ይገባል። ችግሩ ከታች የሚጮህ ሰው መኖሩ ነው።

የሚጮኸው ሰው ደግሞ እሷ ናት።

"ወገቤን!" አለች ድምፅዋን አወፍራ። "ወንድሜ፣ አየሁህ! እዚህ ነኝ!"

"እየሰማሁህ ነው።" ሄሊኮፕተሩ ባለበት ቆመ። የሳጥኑ እግሮች ከመስታወቱ ማዶ ይንቀጠቀጣሉ። "ጉም ገብቶብኛል። ልወጣ ነው።"

"አትተወኝ! አፈር ስሆን አትተወኝ!"

ይህን ማለት ሥራዋ ነው። ለሁሉም ትለዋለች፤ እውነተኛ ቁስለኛ እንዲያ ነው የሚለውና። ማሙሽ ግን አልወጣም። የከፍታው መርፌ ንቅንቅ አላለም። ትንፋሹ በማዳመጫዋ ውስጥ ይሰማታል፤ ያ ያለፈው ጊዜ ሊደገም ነው። ቋጥኙ ቅርብ ነው። አንድ ግፊት፣ አንድ ተጨማሪ ልመና ይበቃል። የውሸት ሞቱን ይሞታል፣ ሻይ ያፈላል፣ ያለቅሳል፤ ከዚያም ዕድሜውን ሁሉ በእግሩ መሬት ላይ ይሄዳል። የእናቷ "በሞቴ" ጆሮዋ ላይ ደወለ። ሳታስበው፣ ወፍራሙ ድምፅ ከጉሮሮዋ ጠፋና የራሷ ወጣ።

"ማሙሽ! ማሙሽዬ፣ አትሂድብኝ!"

የዘይቴ መፍቻ ከእጁ ወደቀ። ሻለቃው ቀና ብለው አዩዋት። ወረደባት፤ እፍረቱ ከራሷ እስከ እግሯ ወረደባት። የትኛው ቁስለኛ ነው ማሙሽ መባሉን የሚያውቀው? ማዳመጫዋን አውልቃ ልትወረውረው ቃጣት።

ከዚያ ማሙሽ ተናገረ። ድምፁ ተረጋግቷል።

"እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ" አለ። "እንዳትተኛ።"

መርፌው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

እትዬ ጉም አፏን በመዳፏ ያዘች። ሄሊኮፕተሩ ጉሙን ሰንጥቆ ወጥቶ፣ ከላይ በፀሐዩ ውስጥ ክብ እየሠራ ይዞር ጀመር። አሁን ደግሞ ነዳጁ ይቆጥራል። ጉሙ ካልተገለጠ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ባዶ እጁን ከተመለሰ ወደቀ። የጉሙ ቁልፍ በጣቷ ሥር ናት። እንዲሁ ዝም ብላ ብትቀመጥ ማንም ምንም አይላትም፤ አየሩ የሷ ነው። እናቷም ትደሰታለች። ግን እሷ ያን ሁሉ ዓመት ያን ልጅ በሩ ላይ እያስለቀሰች ስትሄድ፣ ሳትመለስ የቀረችበት ቀን ነበር? አልነበረም። ዝናብ ቢሆን፣ አውቶቡስ ቢጠፋ፣ በእግሯም ቢሆን ተመልሳለች። ታዲያ እሱ እመለሳለሁ ብሎ መንገዱን የምትዘጋበት እሷ ማን ስለሆነች ነው!

ለሌላው ሰው በምትገልጥበት ሰዓት፣ ጉሙን ገለጠችው።

"ርግብ ሁለት፣ እየገባሁ ነው" አለ ማሙሽ ወዲያው። ገደሉ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሄሊኮፕተሩ ያለ አንዳች መንገዳገድ ወረደ፣ ገመዱ ተለቀቀ። "ወንድሜ፣ መጥቻለሁ። ነቅተሃል?"

እትዬ ጉም እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። እንደ ምንም ድምፅዋን አወፈረችው።

"ነቅቻለሁ" አለ ቁስለኛው።

ቁስለኛው ተጫነ፣ ርግብ ሁለትም በሰላም አረፈ። ሳጥኑ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ጸጥ አለ። እትዬ ጉም ማዳመጫዋን አውልቃ ወደ ሻለቃው ዞረች።

"በድያለሁ፤ ጌታዬ። ስሙን መጥራት አልነበረብኝም። የፈለጉትን ይቅጡኝ፤ እሱ ላይ ግን አይያዝበት።"

ሻለቃው የታመመ ጉልበታቸውን አሹ። "ድሮ ዘመድ ሲያግዝ አይቻለሁ" አሉ። "አንዱ ንፋስ ይቀንሳል፣ አንዱ ተራራ ያዛውራል። ዘመድ ሲጥል ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ቅጣቱን ነገ እነግርሻለሁ። ልጁ አልፏል፤ እንዲያውም ከዚህ የባሰ ፈተና እኔም አላወጣለትም።" ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ መልሰው፣ "ጣይው ያለሽ ማነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"እናቴ።"

"ልክ ናት" አሉ ሻለቃው።

ማሙሽ በላብ ርሶ ሲወጣ እህቱ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ጋ ቆማ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ውኃ ትሞላለች። ዘይቴ ነገሩ አልገባ አለው።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው? ዛሬ እኮ ማንም አልሞተም።"

"እኔ ሞቻለሁ" አለች ሳትዞር። "ዝም ብለህ ብርጭቆ አቅርብ።"

ማሙሽ መጥቶ ከጎኗ ቆመና አንገቱን አቀርቅሮ ትከሻዋን በትከሻው ገፋ አደረጋት።

"እታለም፣ ክፉ ነሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ማሙሽ ስትይኝ እኮ እጄ ከዳኝ። ልቀር ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልቀር ነበር። ከዚያ በሩ ትዝ አለኝ። ቀሚስሽን ይዤ ስጮህ ጥለሽኝ ትሄጂ የለ? ጥለሽኝ ሄድሽ ብዬ አንድም ቀን ቂም አልያዝኩብሽም። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ትመለሻለሽዋ።"

እትዬ ጉም የሻይ ቅጠሉን ልክ ሳትለካ ዝርግፍ አደረገችው። ሻዩ ያን ቀን ሬት ሬት አለ፤ ሻለቃው ብቻ በስኳራቸው ብዛት አልታወቃቸውም።

ብርጭቆው ገና ሳይጋመስ ስልኳ ጮኸ። ማን እንደሆነ ማየትም አላስፈለጋትም።

"ጣልሽልኝ?" አለች እናቷ።

"እማዬ፣ በእውነት ሞከርኩ። አልወድቅ አለ።"

"እንዴት አልወድቅ ይላል! ያ ጉምሽ የት ሄደ?"

"ለቀቅኩት። ጉሙ ውስጥ ሆኜም ጠራሁት። በራሴ ድምፅ ማሙሽ አትሂድብኝ አልኩት።"

እናቷ ትንፋሿን ሳበች። "እሺ፣ ምን አለሽ?"

"እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ። እንዳትተኛ አለኝ።"

ስልኩ ጸጥ አለ። ከዝምታው ርዝመት የተነሣ መስመሩ የተቋረጠ መሰላት። የስልክ ቤት ሰው ናትና ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች፤ መስመሩ አለ፣ እናቷም አለች።

"ተመለሰ?" አለች እናትየዋ፣ በጣም በቀጭኑ።

"ተመልሷል እማዬ። ይኸው አጠገቤ ቆሞ ሻይ ይጠጣል።"

እናቷ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። ቀጥሎ ያቺ የድሮዋ፣ ሰው የምታዝዘው ድምፅዋ መጣች።

"ስኳር እንዳታበዢበት" አለችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችው።